ሌላውን ከተማ ሲያዩ ምን ማየት ይገባል? ጎንደርና አዘዞ በንጽጽር

የከተማ አስተዳደሮች «የልምድ ልውውጥ» የሚሉት ጉዞ፣ ማለትም የአንዱ ከተማ ኃላፊዎችና ባለሙያዎች ወደ ሌላው ሄደው የተሠራውን ተመልክተው የሚመለሱበት ልማድ፣ በኢትዮጵያ የከተማ ልማት ውስጥ ሥር የሰደደ ነው፤ ጎንደርም በሚያዝያ 2009 ዓ.ም. ሰባተኛውን የኢትዮጵያ ከተሞች ፎረም ባስተናገደችበት ጊዜ ተጎብኚ ሆና አይታዋለች። በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተጀመረው የኮሪደር ልማት፣ ይኸውም የዋና መንገዶችን ግራና ቀኝ፣ የእግረኛና የብስክሌት መንገዱን፣ መብራቱንና የሕንፃዎቹን ገጽታ በአንድነት የሚያድሰው ሥራ፣ ጎንደርን ጨምሮ ወደ ብዙ ከተሞች ከተዛመተ ወዲህ ደግሞ ዋና ከተማዋን ማየት እንደ ግዴታ እየተቆጠረ መጥቷል። ይሁን እንጂ እንዲህ ያለው ጉብኝት አንድ ደካማ ጎን አለው፤ ጎብኚው በመኪና ተቀምጦ የሚያየው መንገድን እንጂ ሰፈርን አይደለም።

ሰፈር የቤቶች ጥርቅም ብቻ ሳይሆን የሥራ፣ የብድር፣ የሐዘንና የደስታ መረብ ስለሆነ፣ መልሶ ማልማት የተባለው ሥራ፣ ማለትም ያረጀን ሰፈር አፍርሶ ወይም ጠግኖ በአዲስ መልክ መገንባት፣ የሚመዘነው ከመንገዱ ስፋት ይልቅ ነባሩ ነዋሪ ከዚያ በኋላ የት እንደሚኖርና በምን እንደሚተዳደር በመጠየቅ ነው። በአዲስ አበባ በኮሪደር ልማቱ ምክንያት ከካሳንቺስ ሰፈር ከተነሡት ነዋሪዎች መካከል ብዙዎቹ በከተማዋ ዳርቻ ወደሚገኘው ገላን ጉራ ተዛውረዋል፤ ስለዚህ ካሳንቺስን ዓይቶ ገላን ጉራን ሳያይ የተመለሰ ቡድን የሥራውን ግማሽ ብቻ እንዳየ ይቆጠራል። የልማት ተነሺው አዲስ ቤት ማግኘቱ አንድ ነገር ነው፤ የጉልት ቦታው፣ የተመላላሽ ሥራው፣ ዕድሩና ዕቁቡ አብረውት መሄድ አለመሄዳቸው ግን ሌላ ጥያቄ ነው።

ለጎንደር ከአዲስ አበባ ይልቅ የሚቀርበው መስተዋት ሐረር ናት ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሁለቱም በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ስፍራ ያላቸው ከተሞች ቢሆኑም፣ በ1972 ዓ.ም. የተመዘገበው የጎንደሩ ፋሲል ግቢ 900 ሜትር ያህል በሚረዝም አጥር የተከበበ፣ ማንም የማይኖርበት የነገሥታት ቅጥር ሲሆን፣ በ1998 ዓ.ም. የተመዘገበው የሐረሩ ጁገል ግን 48 ሄክታር ገደማ በሚሸፍነው ክልሉ ውስጥ ሰው የሚወለድበት፣ የሚነግድበትና የሚሞትበት ሕያው ከተማ ነው። በዚህም ምክንያት በሐረር ቅርስን መጠበቅ ማለት የነዋሪውን ቤት፣ ጣሪያውንና የፍሳሽ መውረጃውን መጠበቅ ማለት ይሆናል፤ በጎንደር ግን ግንቡ ሲጠገን ከአጥሩ ውጭ ያለው ሰፈር ሊረሳ ይችላል። ከጎንደር ታሪክ ደግሞ ከግቢው ውጭ የተጻፈው ገጽ ያንሳል የሚባል አይደለም፤ በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1668፣ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲሰፍሩ በጉባኤ ከተወሰነ በኋላ የጸናው አዲስ ዓለም፣ እንዲሁም ጣሊያኖች ከመጋቢት 1928 እስከ ኅዳር 1934 ዓ.ም. ከተማዋን በያዙበት ዘመን የሠሩት ፒያሳ ከነፖስታ ቤቱና ከነሲኒማው፣ የከተማዋን አካል የሠሩ ሰፈሮች ናቸው። ፒያሳውን በቅኝ ገዥ የተሠራ ነው ብሎ ችላ ማለትም፣ አዲስ ዓለምን ጎብኚ አይመጣበትም ብሎ መተውም የንጽጽር ስሕተት ነው።

ድሬዳዋ ለአጭር ማስጠንቀቂያ ትጠቅማለች። ከባቡር ሐዲዱ ጋር በተወለደችው በዚያች ከተማ፣ በፕላን የተዘረጋውን የከዚራ ሰፈር የሚያደንቅ ጎብኚ ከመጋላ ሰፈር የሚለየውን የደቻቱን ወንዝ ማየት ይኖርበታል፤ ይህ ወንዝ በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎችን ገድሏል። ቀሃንና አንገረብን የያዘችው ጎንደርም ወንዞቿን ከፕላኗ ለይታ ማየት አትችልም።

ከባሕር ማዶ ካሉት ደግሞ ለጎንደር ሰው የሚቀርበው፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ከጎንደር ጋር የእህትማማችነት ግንኙነት በመሠረተው የአሜሪካው ሞንትጎመሪ ካውንቲ የሚገኘውና ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩበት ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የከተማው እምብርት፣ ገበያተኛው ወደ ሰፋፊ የገበያ ማዕከላት በመሸሹ ለዓመታት ከተቀዛቀዘ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1938 የተሠራው የሲልቨር ቲያትር ታድሶ በ2003 ሲከፈትና አንድ ትልቅ የቴሌቪዥን ኩባንያ ዋና መሥሪያ ቤቱን እዚያው ሲያደርግ እንደገና ነፍስ ዘራ፤ ኩባንያው ዋና መሥሪያ ቤቱን ከዓመታት በኋላ ወደ ኒው ዮርክ ቢያዛውርም፣ ሰፈሩ የቆመው በአንድ ኩባንያ ብቻ ስላልነበረ አልሞተም። በአጎራባቹ ዋሽንግተን ዩ ስትሪት አካባቢ ግን ያንቀላፋውን መንገድ በምግብ ቤቶቻቸው የቀሰቀሱ ኢትዮጵያውያን ነጋዴዎች፣ ሰፈሩ ከተወደደ በኋላ ብዙዎቹ በኪራይ ንረት ለመልቀቅ ተገደዋል። ሰፈርን የሚያነቃ ሰው ዋጋው ሲወጣ ከሰፈሩ የመውጣት አደጋ እንዳለበት የሚያሳይ፣ ለኢትዮጵያ ከተሞችም የሚሠራ ምሳሌ ነው።

ይህ ሁሉ ንጽጽር ከመሐል ከተማው ይልቅ የሚያስፈልገው፣ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ ርቃ ለምትገኘው አዘዞ ነው። አዘዞ የከተማዋ ተቀጥላ ተደርጋ ብትታይም፣ ጎንደር በአፄ ፋሲል ከመቆርቆሯ በፊት አፄ ሱስንዮስ ገነተ ኢየሱስን ያሠሩባት ቦታ ስትሆን፣ የቤተ ክርስቲያኑን ፍርስራሽና የውኃ ገንዳውን የስፔን አርኪዮሎጂስቶች አጥንተዋቸዋል። ዛሬ ደግሞ የአፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ፣ የባሕር ዳር መንገድና ወደ መተማ የሚታጠፈው የሱዳን መንገድ የሚገናኙባት መስቀለኛ ናት፤ ቱሪስቱ ግን ከአውሮፕላኑ ወርዶ ወደ ግንቡ እየሮጠ ያልፋታል። እንዲህ ላለች ከተማ የሚስማማው ምሳሌ ፋሲል ግቢ አይደለም፤ የጭነት መኪና፣ የመንገድ ዳር ገበያና የአዳር ቤት የሚያኖራቸው እንደ ሻሸመኔ ያሉ መስቀለኛ ከተሞች ናቸው፤ ጥያቄዋም የአላፊውን ገንዘብ ለነዋሪዋ እንዴት ታስቀራለች የሚለው ነው።

ስለዚህ የጎንደር ከተማ አስተዳደር ወደፊት ለልምድ ልውውጥ በሚልካቸው ቡድኖች ውስጥ ከአዘዞ አንድ ነጋዴና አንድ የዕድር ዳኛ ቢያካትት፣ የጉብኝቱም መርሐ ግብር የተመረቀውን መንገድ ብቻ ሳይሆን ተነሺዎች የሠፈሩበትን ቦታም እንዲይዝ ቢያደርግ ይገባል።