ተጨማሪ መረጃ፦ አራቱ ሺምፐሮች

በአገራችን ትምህርት ቤት የሚመዘገብ ልጅ ስሙን፣ የአባቱንና የአያቱን ስም ያስጽፋል። ነገ እሱ ወልዶ ልጁን ሲያስመዘግብ ደግሞ የራሱ አያት ስም ከመዝገቡ ይወጣል። ጀርመኖች ዘንድ ግን የቤተሰብ ስም ሳይለወጥ ከትውልድ ትውልድ ይወረሳል፤ ስለዚህ «ሺምፐር» ሲባል «የትኛው?» ብሎ መጠየቅ ግድ ነው።

ለእኛ የሚቀርበው ጊዮርግ ቪልሄልም ሺምፐር (1804–1878 እ.ኤ.አ.) ነው። እጽዋት ሊሰበስብ በ1837 ወደ ትግራይ መጥቶ በዚያው ቀረ። በጊዜው ትግራይን ይገዙ የነበሩት ደጃዝማች ውቤ የእንትጮ ገዥ አድርገው ሾሙት፤ አፄ ቴዎድሮስ ሲወድቁም መቅደላ ላይ ከነበሩት አውሮፓውያን አንዱ ነበር። ያረፈው አድዋ ነው። ስሙ ግን በዕጽዋት ላይ ቀርቷል፦ ሰሳ ከምንላቸው ዛፎች አንዱ በሳይንሳዊ ስሙ አልቢዚያ ሺምፐሪያና፣ የቀስት መርዝ የሚዘጋጅበት ምረንዝ ደግሞ አኮካንቴራ ሺምፐሪ ይባላል። ምረንዝን የሚያውቁት አዳኞች እሱ ከመምጣቱ በፊትም በሌላ ስም ይጠሩት እንደነበር ልብ ይሏል።

የጊዮርግ ወንድም ካርል ፍሪድሪክ በ1837 «የበረዶ ዘመን» የሚለውን ቃል ፈጠረ። የአጎታቸው ልጅ ቪልሄልም ፊሊፕ የሞስ ዕጽዋት ሊቅ ነበር። የእሱ ልጅ አንድሪያስ ደግሞ በ1898 ባሳተመው መጽሐፍ «የሐሩር ክልል ዝናብ ደን» የሚለውን ስያሜ አስለመደ።