በመተንፈሻ በር ላይ ስለሚቆመው ዘበኛ

ሰው በአንድ ቀን ወደ ሳንባው የሚያስገባው አየር 10,000 ሊትር ያህል ነው። ከአየሩም ጋር ትቢያውና የደዌው ዘር አብሮ ይገባል። ይሁን እንጂ ከአፍንጫ እስከ ሳንባ ያለውን መንገድ የሸፈነው ስስ ልባስ ጠላቱን ዝም ብሎ አያሳልፍም፤ በንፍጥ ይይዘዋል፥ በጥቃቅን ፀጕሮችም እየጠረገ ይመልሰዋል። ከዚህ ይልቅ የሚያስደንቀው ግን ይኸው ልባስ ያገኘውን ጠላት ማስታወሱ ነው።

አንድ ሰው በኢንፍሉዌንዛ ታሞ በዳነ ጊዜ፥ ደዌውን ከተዋጉት ቲ ሴል ከሚባሉት ሕዋሳት ከፊሎቹ ወደ ደም አይመለሱም። ጦርነቱ በተደረገበት ስፍራ ሰፍረው ይቀራሉ፤ ያው ቫይረስ ዳግመኛ ቢመጣ ከሩቅ የሚላክ ረዳት ሳይጠብቁ ወዲያው ይነሡበታል። ኢሚውኖግሎቡሊን ኤ የተባለው ፀረ እንግዳ አካልም ከንፍጡ ጋር ተቀላቅሎ ቫይረሱ ከልባሱ እንዳይጣበቅ ይከለክላል። እነዚያ የሰፈሩት ሕዋሳት በደም ውስጥ ስለማይዞሩ፥ ሐኪም ከክንድ ደም ቀድቶ ቢመረምር አያገኛቸውም።

በክንድ የሚወጋው ክትባት ዘበኛውን የሚያበዛው በደም ውስጥ ነው፤ በአፍንጫ ዘንድ የሚያቆመው ግን ጥቂት ነው። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ የተሰጠው የኮቪድ ክትባት እጅግ ብዙ ሕዝብ ከሞት አድኗል፤ ነገር ግን የተከተበውን ሰው በሽታው ሊይዘው፥ እርሱም ለጎረቤቱ ሊያስተላልፈው የቻለበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ግቢው ተጠብቆ በሩ ላልቶ ቀረ ማለት ነው።

ስለዚህ ክትባቱን በራሱ በበሩ ማስገባት ታሰበ። በፖሊዮ ረገድ ነገሩ የቆየ ነው፤ በአገራችንም በሕፃናት አፍ ጠብ የሚደረገው ክትባት የአንጀትን ልባስ ራሱን ያዘጋጃል። በአፍንጫ የሚነፋ የኢንፍሉዌንዛ ክትባት በ2003 በአሜሪካ ተፈቀደ፤ በ2022 ደግሞ ቻይና በአፍ የሚሳብ፥ ህንድም በአፍንጫ የሚንጠባጠብ የኮቪድ ክትባት ፈቀዱ።

ሥራው ግን ቀላል አይደለም። በአፍንጫ የሚነፋው የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ሕያው ሆኖ የደከመ ቫይረስ ስለ ሆነ፥ እንዲጠቅም በስፍራው ጥቂት መራባት አለበት፤ በሽታው ብዙ ጊዜ ባገኘው ጎልማሳ አፍንጫ ግን የቀድሞው ዘበኛ ወዳጁን እንደ ጠላት ቈጥሮ ሊያባርረው ይችላል። ከዚህም በላይ በሳንባ የሰፈሩት ሕዋሳት በቆዳ እንዳሉት መሰሎቻቸው አይቆዩም፤ በአይጦች ላይ እንደ ተመረመረው በጥቂት ወራት ውስጥ ቍጥራቸው ይቀንሳል። ሳንባ አየር የሚያልፍበት እጅግ ስስ ነገር ነውና ብዙ ሠራዊት ቢሰፍርበት ራሱ ይጎዳል። ስለዚህ ሊቃውንቱ የሚደክሙበት፥ ቤቱን ሳይጎዱ ዘበኛውን በበሩ ለማቆየት ነው።