እግር ላይ የወጣ ጥቁር ምልክትና ውሃ የቋጠረ ቆዳ

ብዙዎቻችን ቆዳችን ላይ የወጣው ነገር ካላሳመመን «በራሱ ጊዜ ይጠፋል» ብለን እንሸፍነዋለን። «ኤች.አይ.ቪ. አለባት ይሉኛል» ብላ የምትሸሽግም አለች። ካንሰር ግን ሲጀምር ብዙ ጊዜ አያምም።

በኡጋንዳ በብዛት ከሚታዩት አንዱ ካፖሲ ሳርኮማ ነው። እግር፣ ፊት ወይም ላንቃ ላይ ወደ ወይን ጠጅ ወይም ወደ ጥቁር የሚያደላ ነጠብጣብ ወይም እብጠት ሆኖ ይወጣል፤ እግርንም ያሳብጣል። ኤች.አይ.ቪ. ባለበት ሰው ላይ ይበዛል፤ ሆኖም ቫይረሱ ከመታወቁ በፊትም በዚህ አገር በዕድሜ የገፉ ወንዶችን ይይዝ ነበር። ስለዚህ ያየነውን ሰው ሁሉ አንጠርጥር። ቫይረሱ ያለበት ሰው ቶሎ ከመጣ የኤች.አይ.ቪ. መድኃኒቱ ብቻውን ሊያከስመው ይችላል፤ ከበረታ ካምፓላ ሙላጎ ያለው፣ እ.ኤ.አ. በ1967 የተቋቋመው የኡጋንዳ ካንሰር ተቋም ያክመዋል።

«ጥቁር ሰው የቆዳ ካንሰር አይዘውም» የሚባለውም ስህተት ነው። ቦብ ማርሊ እ.ኤ.አ. በ1981 በ36 ዓመቱ የሞተው ከእግር ጣቱ ጥፍር ሥር በጀመረ ሜላኖማ ነው። ውስጥ እግራችንንና ጥፍራችንን እንይ፤ የሚሰፋ ጥቁር ምልክት ወይም ከወር በላይ ያልዳነ ቁስል ካለ እንታይ። በምላጭ መቁረጥ፣ በእሳት መተኮስ አይገባም።

ውሃ የሚቋጥሩት ደግሞ ሌላ ናቸው። አልማዝ ባለ ጭራ በአንድ ጎን ብቻ እንደ መቀነት ተሰልፎ እያቃጠለ ይወጣል። ቀድሞ ጉድፍ ያመመውን ሰው ይይዛል። መድኃኒቱ ይበልጥ የሚሠራው በ3 ቀን ውስጥ ሲጀመር ነው፤ ዓይን አጠገብ ከወጣ ግን በዚያው ቀን ይኬድ። እስኪደርቅ ድረስ ከነፍሰ ጡሮችና ከጨቅላ ሕፃናት ራቅ ማለት ይሻላል።

ከሁሉ የሚያስፈራው መድኃኒት የሚያመጣው ነው። አዲስ ክኒን ከጀመራችሁ በኋላ ትኩሳት ይዟችሁ አፋችሁና ዓይናችሁ ከቆሰለ፣ ቆዳችሁም ከተላጠ፣ ሌላ ክኒን ሳትውጡ፣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ለሳምንታት የማይድን፣ አፍ ውስጥ የሚጀምር ውሃ መቋጠር ፔምፊገስ ሊሆን ይችላል፤ አይተላለፍም፣ ግን የረዥም ጊዜ ሕክምና ይፈልጋል።

በሰፈራ ያላችሁ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ቅረቡ፤ የሪፈር ወረቀት ካስፈለገ የሚጻፈው እዚያ ነው። የወሰዳችሁትን መድኃኒት ሁሉ ከነማሸጊያው ይዛችሁ ሂዱ፤ ከመንገድ ዳር የተገዛውንም ቅባት ጭምር።