ሴቶች በቤተሰብ ሕክምና፦ የግማሽ ምዕተ ዓመት ክፍተት

ልብን ወይም ዓይንን ለይቶ ከማከም ይልቅ ሰውን ከነቤተሰቡና ከነአካባቢው የሚከታተል አንድ የሕክምና ዘርፍ አለ፤ የቤተሰብ ሕክምና ይባላል። የዘርፉ ባለሙያ ዛሬ የሕፃኑን ሳል፣ ነገ የእናቱን የደም ግፊት፣ ከዓመታት በኋላም የአያቱን የመጨረሻ ቀናት ይከታተላል። በዚህ ሙያ የተሰማሩ ሴቶች ቁጥር በየአገሩ እያደገ ሲሄድ በአመራር ወንበር ላይ ለረጅም ዘመን ያልታዩት ለምንድን ነው? (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ታሪኩን ከብሪታንያ ብንጀምር ጉዳዩ ጎልቶ ይታያል። የዚያ አገር የጠቅላላ ሐኪሞች ኮሌጅ የተቋቋመው በ1952 ነው። በ1900 የተወለዱትና በለንደን የቤተሰብ ሐኪም የነበሩት ዶክተር አኒስ ጊሊ ከ1959 እስከ 1962 የኮሌጁን ምክር ቤት በሊቀ መንበርነት መርተዋል። በ1963 ደግሞ እርሳቸው የመሩት ኮሚቴ የቤተሰብ ሐኪምን የሥራ ድርሻ የሚመለከት ዘገባ አወጣ። የቤተሰብ ሐኪም ወደ ሆስፒታል የሚልክ በር ጠባቂ ብቻ ሳይሆን የታካሚውን ሕክምና በሙሉ የሚያስተባብርና ከነርሶች ጋር በቡድን የሚሠራ ባለሙያ እንዲሆን ዘገባው መከረ። ዛሬ ይህ ለማንም እንግዳ አይደለም፤ በዚያን ጊዜ ግን ብዙ ሐኪሞች ብቻቸውን፣ አንዳንዶቹም በመኖሪያ ቤታቸው ውስጥ ነበር የሚሠሩት።

ከዚህ በኋላ የሆነው ያስገርማል። ከዶክተር ጊሊ ቀጥሎ የምክር ቤቱን ሊቀ መንበርነት የያዙት ሴት ዶክተር ክሌር ጄራዳ ናቸው፤ ዓመቱም 2010 ነበር። በመካከሉ ይበልጡን የክብር በሆነው በፕሬዚዳንትነቱ ቦታ ላይ ሴቶች ተቀምጠዋል፤ በሊቀ መንበሩ ወንበር ላይ ግን ወደ ግማሽ ምዕተ ዓመት የሚጠጋ ክፍተት ተፈጠረ። አንዲት ሴት በሩን ከከፈተች ሌሎቹ ይከተላሉ የሚለውን የተለመደ እምነት ይህ ታሪክ አይደግፈውም።

ለክፍተቱ ብዙ ምክንያት ይሰጣል። ስብሰባዎች ከሥራ ሰዓት በኋላ ይደረጋሉ፤ ልጅ የምታሳድግ ሐኪም ግማሽ ቀን ስትሠራ ከዕድገት መሰላሉ ትወርዳለች። በእኔ አስተያየት ግን ከሁሉ የሚጠለቀው ምክንያት ሥራው የሚቆጠርበት መንገድ ነው።

በ2020 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ይህን በቁጥር ያሳያል። ተመራማሪዎቹ በ2017 የተደረጉ 24.4 ሚሊዮን የመጀመሪያ ደረጃ ሕክምና ጉብኝቶችን መርምረው በአንድ ተቋም የሚሠሩ ሴትና ወንድ ሐኪሞችን አነጻጸሩ። ሴቶቹ ከእያንዳንዱ ታካሚ ጋር በአማካይ 2.4 ደቂቃ ያህል የበለጠ ጊዜ ያሳልፋሉ። በዓመቱ ያስተናገዱት ጉብኝት በ10.8 በመቶ ያነሰ ነበር፤ ከጉብኝት የተገኘው ገቢም በ10.9 በመቶ አንሷል። ከታካሚዎች ጋር ያሳለፉት ጠቅላላ ጊዜ ግን በ2.6 በመቶ ይበልጣል! ብዙ ሠርተው ጥቂት የሠሩ መስለው ታዩ ማለት ነው፤ ምክንያቱም ክፍያው የሚታሰበው በጉብኝት ብዛት ነው። እነዚህ አማካይ ቁጥሮች መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል፤ ስለ እያንዳንዷ ሐኪም የሚናገሩት ነገር የለም።

ታዲያ በዚህ ሙያ ውስጥ ጊዜ ምን ዋጋ አለው? በ2018 የወጣ አንድ ግምገማ ታካሚው በተመሳሳይ ሐኪም መታየቱን ከሞት መጠን ጋር ያገናኙ 22 ጥናቶችን ሰብስቦ ነበር። በ18ቱ ውስጥ የክትትሉ ቀጣይነት ከዝቅተኛ የሞት መጠን ጋር ተያይዞ ተገኝቷል። በሚሊዮን በሚቆጠሩ ኖርዌያውያን ላይ የተደረገ ሌላ ጥናትም ከአንድ የቤተሰብ ሐኪም ጋር ከ15 ዓመት በላይ የቆዩ ሰዎች ለአንድ ዓመት ብቻ ከቆዩት ጋር ሲነጻጸሩ የመሞት ዕድላቸው በ25 በመቶ ገደማ ያነሰ መሆኑን አመልክቷል። ጥናቶቹ ተዛምዶን እንጂ መንሥኤን በቀጥታ አያረጋግጡም። ቢሆንም አቅጣጫው ግልጽ ነው፤ የቤተሰብ ሕክምና ዋና መድኃኒቱ ጊዜና ትውውቅ ነው። በጉብኝት ብዛት የሚመዝን ተቋም የሙያውን ዋና መድኃኒት እንደ ዝግተኛነት ይቆጥረዋል፤ ከዚያም መሪዎቹን በዚሁ ሚዛን ይመርጣል።

ለውጡ የመጣው ጉዳዩን በተደራጀ መንገድ በማንሣት ነው። በ1972 በተመሠረተው የዓለም የቤተሰብ ሐኪሞች ድርጅት ውስጥ የሴቶች የሥራ ቡድን የተቋቋመው በ2001 በደቡብ አፍሪካ በደርባን ከተማ ነበር። ድርጅቱ የመጀመሪያዋን ሴት ፕሬዚዳንት፣ ብሪታንያዊቷን አማንዳ ሃውን፣ ያገኘው ግን በ2016 ነው፤ ከተመሠረተ ከ44 ዓመት በኋላ። በ2021 ኖርዌያዊቷ አና ስታቭዳል፣ በ2023 ደግሞ አውስትራሊያዊቷ ካረን ፍሌግ ቦታውን ያዙ።

በአገራችን የቤተሰብ ሕክምና ስፔሻሊቲ ሥልጠና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው በ2013 ነው። ከዚያ 10 ዓመት ቀደም ብሎ የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር በበኩሉ ከ30,000 በላይ ሠራተኞችን አሰማርቷል፤ አብዛኞቹም ሴቶች ናቸው። ቤት ለቤት ዞሮ ቤተሰብን በስም የማወቁ ሥራ እንግዲህ በሴቶች እጅ ቆይቷል። አዲሱ ስፔሻሊቲ ገና ልማዱን እየቀረጸ በመሆኑ፣ ነፍሰ ጡር ሠልጣኝ የሌሊት ተረኝነቷ እንዴት እንደሚደለደል፣ ስብሰባው በስንት ሰዓት እንደሚጠራ፣ የሐኪሟም ትጋት በታካሚ ብዛት ወይስ በክትትል ርዝመት እንደሚለካ የሚወስኑት ዛሬ በሕክምና ፋኩልቲዎች የተቀመጡት ተማሪዎች ናቸው።