የዓሣ ጫጩት ወደ ኩሬ ከመግባቱ በፊት፦ በደሴና በኮምቦልቻ የለይቶ ማቆያ በርሜል አጠቃቀም

በደቡብ ወሎ ዓሣ ማርባት የሚጀምሩ ኅብረት ሥራ ማኅበራት ጫጩቱን ብዙውን ጊዜ የሚያገኙት ከሌላ አካባቢ ነው። መኪናው ሲደርስ አባላቱ ተሰብስበው ይጠብቃሉ፤ ጫጩቱም ከነመጣበት ውኃ ወዲያውኑ ኩሬ ውስጥ ይገለበጣል። ዕለቱ ለሁሉም የደስታ ዕለት ነው። ይሁን እንጂ ጥገኛ ተውሳክ ወደ ኩሬ የሚገባበት ዋናው በርም ይኸው ነው።

በኖርዌይ እ.አ.አ. በ1970ዎቹ ከስዊድን ከመጡ የሳልሞን ጫጩቶች ጋር ጋይሮዳክቲለስ የተባለ ጥቃቅን ትል ገብቶ የወንዞቹን ሳልሞን ክፉኛ አመናምኗል። ትሉን ለማጥፋት በብዙ ወንዞች ያለውን ዓሣ በሙሉ በመርዝ እስከ መግደል ተደርሷል። ከደሴ በስተ ሰሜን ያለው የሐይቅ ውኃ ደግሞ መውጫ ወንዝ የለውም፤ ቆሮሶም በ1970 ዓ.ም. ገደማ በሰው እጅ የገባበት ነው። ከጫጩት ጋር እንዲህ ባለ ውኃ የገባ ተውሳክ በቀላሉ አይወጣም።

ጫጩትን ከሚፈጁት አንዱ የነጭ ነጠብጣብ በሽታ ነው። የታመመው ዓሣ በገላውና በክንፉ ላይ ጨው የተነሰነሰበት ይመስላል፤ ከዕቃው ጋር ይታከካል፤ ስንጥቡን ቶሎ ቶሎ ይከፍታል። ተውሳኩ የሚያድገው ከዓሣው ቆዳ ሥር ተሸሽጎ ነው። ሲጠግብ ወደ ታች ወርዶ ይጣበቅና በብዙ መቶ ይከፋፈላል፤ ልጆቹም ዓሣ ፍለጋ ይዋኛሉ። ጨው የሚገድለው እነዚህን ዋናተኞች ብቻ ነው፤ ከቆዳ ሥር ያለውን አይነካም። ስለዚህ ነጠብጣቡ ጠፋ ብሎ በሦስተኛው ቀን ሕክምናውን ማቋረጥ ድካምን ከንቱ ያደርጋል።

ይህ ዑደት የሚፈጥነውም የሚዘገየውም በውኃው ሙቀት ነው። በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከ3 እስከ 6 ቀን ሲፈጅ፣ በ15 ዲግሪ 10 ቀንና ከዚያም በላይ ይፈጃል። ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር፣ ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም የውኃቸው ሙቀት አንድ አይደለም። በመሆኑም ኮምቦልቻ ላይ የሠራውን የቀን ቁጥር ለደሴ መስጠት አይገባም። ውኃው ከ20 ዲግሪ በላይ ከሆነ 3 ሳምንት፣ ወደ 15 ዲግሪ ከተጠጋ 5 ሳምንት ማቆየት ይመከራል። አዲስ ጫጩት ከተጨመረ ወይም ነጠብጣብ እንደገና ከታየ ቆጠራው ከአንድ ይጀመራል። ቆሮሶ ብርድ ስለማይወድ በኅዳርና በታኅሣሥ የደሴው በርሜል ቤት ውስጥ ቢቀመጥ ይሻላል።

ለማቆያ ኬሚካል ያልነካው ባለ 200 ሊትር በርሜል ይበቃል፤ ከ30 እስከ 40 ትናንሽ ጫጩት ይይዛል። ለብዙ ጫጩት በጂኦሜምብሬን የተለበጠ ጉድጓድ መጠቀም ይቻላል። በደሴ ቧንቧ ውሃን በመሰለ ሠፈር ያለ ማኅበር የሚጠቀመው የቧንቧ ውኃ ክሎሪን ይኖረዋል። ክሎሪን ስንጥብ ያቃጥላል፤ ሰውም የሞተውን ዓሣ አይቶ በሽታ ነው ይላል። ስለዚህ ውኃው ክፍቱን ከ1 እስከ 2 ቀን ይቆይ፤ አልፎ አልፎም ይማሰል።

የጨው ልኩ ለቆሮሶ በሊትር 5 ግራም ነው። ለአንድ በርሜል አንድ ኪሎ ማለት ነው፤ 2 ሜትር በ2 ሜትር ሆኖ ውኃው ግማሽ ሜትር ለሚጠልቅ ጉድጓድ 10 ኪሎ ይሆናል። ለበርሜሉ በመጀመሪያው ቀን 400 ግራም፣ በማግስቱ 600 ግራም በባልዲ ተሟሙቶ ይጨመራል። በየቀኑ 50 ሊትር ያህል ከታች በጎማ ይሳባል፤ ቆሻሻው ብቻ ሳይሆን ወለሉ ላይ የወረደው ተውሳክም አብሮ ይወጣል። በምትኩ ለሚገባው 50 ሊትር 250 ግራም ጨው ይጨመራል። በትነት የጎደለው ግን ያለ ጨው ይሞላል፤ ጨው አይተንምና።

የባሕር ዓሣ በመስታወት ገንዳ የሚያረቡ ሰዎችም ለይቶ ማቆያ አላቸው። የእነርሱ ነጭ ነጠብጣብ ግን ጨው የለመደ ሌላ ተውሳክ ስለሆነ መዳብ ያለበት መድኃኒት ይጠቀማሉ። ይህን አይቶ መዳብ ለቆሮሶ ጫጩት የሚያዝ አይጠፋም። ማዕድኑ ጥቂት በሆነ ውኃ መዳብ ዓሣውን ራሱን ይገድላል። ማላካይት ግሪንም በብዙ አገሮች ለሚበላ ዓሣ የተከለከለ ነውና አይታዘዝ።

ጨው በሥጋ ውስጥ የተጠቀለለ ትል አያወጣም። ክሊኖስቶመም የተባለው ቢጫ ትል ከቀንድ አውጣ ወደ ዓሣ፣ ከዓሣ ወደ ዓሣ በል ወፍ ይዞራል። በዚህ የተያዘ ጫጩት ከታየ ወደ ኩሬ ባይገባ ይመረጣል።

የማቆያው መረብና ባልዲ ለብቻ ይሁኑ፤ ከሥራ በኋላም ፀሐይ ላይ ይድረቁ። ተውሳኩ ድርቀት አይችልም። ከማቆያው የሚወጣው ጨዋማ ውኃ ከኩሬ፣ ከምንጭና ከማሳ ርቆ በተቆፈረ ጉድጓድ ይፈስሳል።