ቀረጥ ጣዕም የለውም፦ የሞጆ መገንጠያና የውድ ወይን ነገር

ከአዲስ አበባ ስትመጡ ሞጆ ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወደ አዳማ ይቀጥላል፣ ሌላው ወደ ቀኝ ታጥፎ በመቂ አድርጎ ባቱ (የቀድሞዋ ዝዋይ) ይገባል። በአንደኛው መንገድ ከጅቡቲ የተነሣ ኮንቴይነር ወደ ደረቅ ወደቡ ይመጣል። በሌላው በኩል ደግሞ ወይን ይበቅላል። የዛሬው ወሬዬ በእነዚህ ሁለት መንገዶች መሀል ምላሱ ስለተቀየረ ጓደኛዬ ነው።

ጓደኛዬ ሞጆ ደረቅ ወደብ ላይ ትራንዚተር ነው። ቀኑን ሰነድ ይዞ ሲሮጥ ይውላል፣ ማታ ማታ ግን ወይን ወዳድ ነው። ባለፈው ዓመት የሚያገባትን ልጅ ቤተሰብ ሊተዋወቅ ሲሄድ ከደመወዙ ግማሽ የሚጠጋ ብር አውጥቶ አንድ የፈረንሳይ ቀይ ወይን ገዛ። አባትየው ከፈቱ፣ ቀዱ፣ አንዴ ፉት አሉ። «ጥሩ ነው የኔ ልጅ» አሉና ብርጭቆውን አስቀመጡት። እስኪመሽ ድረስ አልነኩትም። እሱም ሲቀምሰው ገባው፤ ወይኑ ተበላሽቷል። የተቀቀለ ማርማላታ ላይ ትንሽ ኮምጣጤ ያፈሰሱበት ነው የሚመስለው።

እዚህ የደረሰው ቀስ በቀስ ነው። ሲጀምር አክሱማዊት ነበር የሚጠጣው፤ ጣፋጭ ስለሆነ ጠጅ የለመደ ምላስ አይከብደውም። ቀጥሎ ወደ ጉደር ተሻገረ። ጉደር ድራይ ነው፤ የፍሬው ስኳር ወደ አልኮል ተቀይሮ አልቋል ማለት ነው። ለጀማሪ ቆይቶ የጠቆረ ሻይ እንደመጠጣት ነው፣ አፍ ያደርቃል። ይህን የሚያደርገው ከወይኑ ልጣጭና ፍሬ የሚወጣው ታኒን ነው። ምላስ ግን ይለምዳል። ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ወደ ጣፋጩ ስትመለሱ ሽሮፕ የጠጣችሁ ይመስላችኋል።

እስከዚህ ድረስ የመራው ምላሱ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን መሪው ዋጋ ሆነ። «ውድ ከሆነማ ጥሩ ነው» ማለት ጀመረ።

በዚህ ብቻውን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2008 የካሊፎርኒያ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትና የስታንፎርድ ተመራማሪዎች ለ20 ሰዎች አንድን ወይን አንዴ «የ10 ዶላር»፣ አንዴ «የ90 ዶላር» እያሉ አቀመሱ። ሰዎቹ የ90ው በለጠብን አሉ። የሚገርመው፣ በአንጎል ምርመራው ላይም ደስታን የሚመዘግበው የአንጎል ክፍል ለ«ውዱ» የበለጠ ሲሠራ ታየ። ማለትም አልዋሹም፣ በእርግጥ ጣፍጧቸዋል። በዚያው ዓመት የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ዋጋቸው ተደብቆ የተቀመሱ ከ6,000 በላይ ቅምሻዎችን አይቶ፣ ሥልጠና የሌለው ጠጪ በአማካይ ውዱን እንደማይመርጥ፣ እንዲያውም በትንሹ ወደ ርካሹ እንደሚያደላ አሳየ።

እና ዋጋው ውስጥ ያለው ምንድነው? ይሄን ከጓደኛዬ በላይ የሚያውቅ የለም፣ ሥራው ነውና። መጀመሪያ የወይኑ ዋጋ፣ ኢንሹራንሱና የማጓጓዣው ኪራይ ይደመራል። በድምሩ ላይ የጉምሩክ ቀረጥ ይመጣል። በዚያ ላይ ኤክሳይዝ፣ በዚያ ላይ 15 በመቶ ቫት፣ በሁሉም ላይ ደግሞ 10 በመቶ ሱር ታክስ። አንዱ ታክስ በሌላው ታክስ ላይ ይሰላል። የአስመጪውና የሱቁ ትርፍ ገና አልመጣም።

ምንዛሬውንም ጨምሩበት። በጥቅምት 2015 የውጭ መጠጦች የውጭ ምንዛሬ ከተከለከሉት 38 የዕቃ ዓይነቶች ውስጥ ገቡ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ክልከላው ተነሥቶ ብር በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። የ10 ዶላር ወይን፣ ቀረጥ ሳይነካው፣ ከ570 ብር ከ1,000 በላይ ገባ። ጠርሙሱ ያው፣ ወይኑም ያው ነው። በዋጋ የሚቀምስ ሰው ግን በአንድ ወር ውስጥ «እንዴት ተሻሽሏል!» ሊል ነው። ቀረጥ ጣዕም የለውም፣ ምንዛሬም የለውም።

እንዲያውም መንገዱ ጣዕም ሊቀንስ ይችላል። ወይን ሲቀመጥ የሚወደው ከ12 እስከ 15 ዲግሪ አካባቢ ነው። የጅቡቲ በጋ ከ40 ያልፋል፣ ፀሐይ ላይ የዋለ ኮንቴይነር ውስጡ ደግሞ ከዚያም ይብሳል። ወይኑ ሲሞቅ ያብጥና ቡሹን ይገፋል፣ አየር ይገባል፣ አለቀ። የሱቅ መስኮት ላይ ፀሐይ ሲመታው የከረመም ዕጣው ያው ነው። የጓደኛዬ ጠርሙስ የትኛው ጋ እንደሞቀ ማን ያውቃል?

ከዚያች ምሽት በኋላ አንድ ቅዳሜ ሞጆ ቤቱ ለአራት ተሰበሰብን። ጉደር፣ የባቱው ሪፍት ቫሊና አራት እጥፍ የሚያወጣ የውጭ ወይን በጋዜጣ ጠቅልለን ቁጥር ሰጠናቸው። ጓደኛዬ ሁለት ቁጥርን አሽትቶ፣ ቀምሶ፣ «ይሄ ነው የፈረንሳዩ!» አለ። ጋዜጣው ሲነሣ የባቱው ሆኖ ተገኘ። ዝም አለ፣ ከዚያ ሳቀ። እኔም አልተሻልኩም፤ አንደኛ ያልኩት ጉደርን ነው። አራት ሰው ማስረጃ አይሆንም፣ ለማፈር ግን ይበቃል።

የባቱው ወይን ተረት አይደለም። የቢጂአይ ኢትዮጵያ ባለቤት የሆነው የፈረንሳዩ ካስቴል እ.ኤ.አ. በ2007 ተከላ ጀመረ፣ በ2014 ሪፍት ቫሊና አካሲያ የሚባሉትን ለገበያ አወጣ። ሜርሎ፣ ሲራና ካበርኔ ሶቪኞን፣ የፈረንሳይ ቀይ ወይን የሚሠራባቸው ዝርያዎች፣ ሐይቁ አጠገብ ይበቅላሉ። ጉማሬ እንዳይገባ በእርሻው ዙሪያ ቦይ ተቆፍሯል። ከዚያ ሞጆ ለመድረስ ባሕር መሻገር አያስፈልግም።

ውድ ወይን ሁሉ ማጭበርበር ነው እያልኩ አይደለም። ትንሽ ምርት፣ የኦክ በርሜል፣ ለዓመታት ማቆየት፣ እነዚህ ገንዘብም ጣዕምም ናቸው። ልዩነቱን የሚለይ የሠለጠነ ምላስም አለ። ጥያቄው የምትከፍሉት ለየትኛው ነው የሚለው ነው። (ከ21 ዓመት በታች የሆናችሁ፣ ሕጉ አልኮል እንዳይሸጥላችሁ ይከለክላል፤ ኢኮኖሚክሱን ብቻ ውሰዱ።)

ጓደኛዬ አሁን ሲገዛ ከዋጋው በፊት አንገቱን ያያል፤ ቡሹ ከተገፋ ወይም ወይን ካፈሰሰ አይነካውም። «ቀይ ወይን በክፍል ሙቀት» የሚባለውም 18 ዲግሪ አካባቢ ለሆነ የአውሮፓ ክፍል መሆኑን ስለተማረ፣ ለሞጆ ሙቀት ከመክፈቱ በፊት 20 ደቂቃ ፍሪጅ ውስጥ ያቆየዋል።

በቅርቡ እንደገና ወደ ልጅቷ ቤት ሄዶ ነበር፣ በዚህኛው ጊዜ የባቱውን ይዞ። ጋሼ ምን አሉ ብዬ ጠየቅኩት።

«ምንም አላሉም» አለኝ። «ግን ደገሙ።»