የጉበት ካንሰር ወደ ሐሞት ቱቦ ሲገባ፦ ቀዶ ሕክምናውና ከዚያ በኋላ የሚጠበቀው



ከመቀሌው አሉላ አባ ነጋ አውሮፕላን ማረፊያ ወደ አዲስ አበባ ከሚሳፈሩት መካከል ሕክምና ፍለጋ የሚሄዱ አሉ። ዓይኑ ቢጫ የሆነ የጉበት ካንሰር ሕሙም ሲገጥመን ቤተሰቡ በቅድሚያ የሚጠይቀን “እንውሰደው ወይስ ይቅርብን?” ብሎ ነው። ጥሪት ተሽጦ ቲኬት የሚቆረጥ በመሆኑ መልሳችን በግምት ሊሆን አይገባም።

ሕዝባችን “የወፍ በሽታ” የሚለው ቢጫነት ከአንድ በላይ መነሻ አለው። በአብዛኛው የጉበት ካንሰር ሕሙማን ላይ የሚታየው ጉበቱ በሲርሆሲስና በዕጢው ተበልቶ ሲደክም ነው፤ በዚህ ጊዜ ቢላዋ ማንሳት ይጎዳል። በጥቂቶች ግን ዕጢው የሐሞት ቱቦውን ግድግዳ ሰብሮ ይገባና እንደ ውታፍ ይዘጋዋል። የቀረው ጉበት ገና ብርቱ ሊሆን ይችላል። ታይዋናዊው ቀዶ ሐኪም ሊንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1975 ይህን ዓይነት ለብቻው ለይተው ሰይመውታል። ሁለቱን የማይለይ ሐኪም ሊታከም የሚችለውን ሰው “አለቀለት” ብሎ ወደ ቤቱ ይመልሳል።

መለያው ሩቅ አይደለም። አልትራሳውንድ በጉበት ውስጥ ያሉት የሐሞት ቱቦዎች መስፋታቸውን ያሳያል። ነጣ ያለ ሰገራ፣ የጠቆረ ሽንትና ማሳከክም ወደ መዘጋት ይጠቁማሉ። የዕጢው ቁራጭ ሲወድቅ ወይም ቱቦው ውስጥ ሲደማ ቢጫነቱ መጣ ሄደት ይላል፤ ስለዚህ ብዙ ጊዜ ከሐሞት ጠጠር ጋር ይምታታል። ጠጠር ደም ሥር የለውም፤ በንጥረ ቀለም በሚነሣ ሲቲ ስካን ግን በቱቦው ውስጥ ያለው ዕጢ እንደ እናት ዕጢው ቀለሙን ይስባል።

ቢጫነቱ የበረታ ሕሙም ብዙውን ጊዜ በቅድሚያ በኢንዶስኮፒ ወይም በቆዳ በኩል ሐሞቱ ይፈስለታል። ይህ እግረ መንገዱን ፈተና ነው፤ ቱቦው ተከፍቶ ቢሊሩቢኑ ካልወረደ ጉበቱ ራሱ መድከሙን እንጠረጥራለን። ከዚያ ዕጢውን የያዘው የጉበት ክፍል ተቆርጦ ይወጣል፤ የሚቀረው በጤናማ ጉበት ሩብ ያህል፣ በሲርሆሲስ ግን 40 በመቶ ገደማ መሆን አለበት። የሚያከራክረው የቱቦው ጉዳይ ነው። አንዳንዶች ቱቦውን ሁልጊዜ ቆርጠው ጉበቱን ከአንጀት ጋር ይሰፉታል። በእኔ ግምት ግን ዕጢው ከግድግዳው ተላቆ ሙሉ ለሙሉ ከወጣ ቱቦውን ማትረፍ ይበጃል፤ ከተጣበቀ ግን መቆረጡ ግድ ነው።

ውጤቱስ? ያልታከመ ሕሙም ዕድሜ በወራት ይቆጠራል። በኮሪያ በበርካታ ሆስፒታሎች በተደረገ ጥናት ግን ቀዶ ሕክምና ካደረጉት ውስጥ ከአንድ ዓመት በኋላ ሦስት አራተኛ፣ ከአምስት ዓመት በኋላ ደግሞ ሲሶ ገደማ በሕይወት ነበሩ። እነዚህ ተመርጠው የተቀደዱ ሰዎች መሆናቸው አይዘነጋ። ዕጢው ወደ ጉበት የሚገባውን ትልቁን ደም መልስ አብሮ ከወረረ ተስፋው በእጅጉ ይቀንሳል። በሽታው በአብዛኛው የሚያገረሸው በቀረው ጉበት ላይ፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ነው፤ በዚህ ጊዜ በየሦስት ወሩ ገደማ ምርመራ ያስፈልጋል። ሕሙሙ የሚሳፈረው አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም ማለት ነው።

የመቀሌ በረራ በጦርነቱ ምክንያት ለዓመት ከመንፈቅ ያህል ተቋርጦ የተጀመረው ታኅሣሥ 19 ቀን 2015 ዓ.ም. ነበር። እንዲህ ያለ ዕጢ ያን ያህል አይጠብቅም። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት በመደበኛው የሕፃናት ክትባት የተካተተው በ1999 ዓ.ም. በመሆኑም፣ ከዚያ በፊት የተወለደው ትውልድ ገና ለዚህ ካንሰር ተጋላጭ ነው።

ቀዶ ሕክምና ለማይሆንለትም ቱቦውን መክፈት ማሳከኩን ያቀልለታል። ነገር ግን የገባው ማስተላለፊያ ሊደፈን ይችላል። እንዲህ ያለ ሕሙም ትኩሳትና ብርድ ብርድ ካለው የአዲስ አበባ በረራ ሳይጠብቅ በዚያው በዓይደር ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ፀረ ባክቴሪያ መጀመር አለበት።